ሰዓቱ አዲስ፣ ስልኩ አሮጌ

አርሲ፣ አቦምሳ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀመጠው ዕቃ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። መጀመሪያ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር፤ ቀጥሎ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስማርት ስልክ መጣ፤ አሁን ደግሞ ስማርት ሰዓት በዝቷል። በተለይ በበዓል ሰሞን፣ ከአረብ አገርም ከአሜሪካም ዘመድ ዕቃ ሲልክ፣ ሰዎች ከነካርቶኑ ይዘውት ይመጣሉ። አብዛኛው ምንም አልተበላሸም። ባትሪው ይሞላል፣ ስክሪኑ ይበራል። ከባለቤቱ ስልክ ጋር ግን እሺ ብሎ አይገናኝም። አንዳንዱ ተገናኝቶ ግማሹን ሥራ ብቻ ይሠራል። አንዳንዱ ደግሞ እስከ ባለፈው ሳምንት ሲሠራ ቆይቶ፣ አፕዴት ከተደረገ ወዲህ ስልኩን የማያውቅ ሆኗል።

«ፎርጂድ ሸጠውልኝ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ብዙውን ጊዜ ሰዓቱ ትክክለኛ ዕቃ ነው። ችግሩ ያለው ሰዓቱና ስልኩ በተሠሩበት ዘመን መካከል ባለው ርቀት ነው።

ስለዚህ ርቀት የምጽፈው የደንበኞቼ ገንዘብ ስለሚያሳዝነኝ ነው። በእኛ ከተማ ስልክ ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ እህት፣ ከእህት ወደ እናት እየተላለፈ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ባትሪው ይቀየራል፣ የቻርጀር ማስገቢያው ይቀየራል፣ ሥራው ይቀጥላል። ይህ የሚያኮራ ቁጠባ ነው እንጂ ኋላ ቀርነት አይደለም። ሰዓት ሠሪዎቹ ግን ሶፍትዌራቸውን የሚያዘጋጁት ስልኩን ቶሎ ቶሎ ለሚቀይር ሰው ነው። ሰዓቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግል የሚወስነውም በመጨረሻ የስልኩ ዕድሜ ነው። ይህን ለገዢው የሚነግረው ሰው ጠፍቷል።

ሰዓቱና ስልኩ የሚነጋገሩት በብሉቱዝ ነው። ድሮ ዘፈን ስንላላክበት የነበረው ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ብሉቱዝ 4.0 ባትሪ የማይጨርስ አዲስ የመገናኛ ዘዴ ይዞ መጣ፤ ስማርት ሰዓት የሚጠቀመው እሱን ነው። አይፎን ከ4ኤስ ጀምሮ፣ አንድሮይድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው 4.3 ጀምሮ ይህን ዘዴ ያውቃሉ። ከዚያ በፊት የተሠራ ስልክ ዛሬ ብዙም አያጋጥመኝም። የሚያስቸግረው ከብሉቱዝ በላይ ያለው ነገር ነው፤ ስልኩ ላይ የሚጫነው የሰዓቱ አፕ። ሰዓቱ መልእክት የሚቀበለው፣ የቆጠረውን እርምጃ የሚያስረክበው፣ አዲስ ሶፍትዌር የሚያገኘው በዚህ አፕ በኩል ነው። አፑን የሚሠራው ኩባንያ ስልኩ ቢያንስ ይህን ያህል አዲስ አንድሮይድ ሊኖረው ይገባል ብሎ ይወስናል። ያ ወለል በየጊዜው ከፍ ይላል። ሰዓቱ ውስጥ ያለው ሶፍትዌርም ከአፑ ጋር መራመድ አለበት፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ሲቀር መግባባት ያቆማሉ።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ በሠፈሩ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ጆሯቸው ደከም ብሏል። ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ስልክ ሲደወልና መልእክት ሲገባ እጃቸው ላይ እንዲነዝራቸው ብሎ ርካሽ ስማርት ሰዓት ላከላቸው። አሳቡ እጅግ ጥሩ ነበር። ሰዓቱን ከስልካቸው ጋር አገናኘሁት፤ ሰዓት አሳየ፣ እርምጃ ቆጠረ፣ ሲደወልም ነዘረ። የልጃቸው የቴሌግራም መልእክት ግን ሰዓቱ ላይ አልታይ አለ። አፑን አጥፍቼ ጫንኩ፣ ስልኩን ሪሴት አደረግሁ፣ ለውጥ የለም። «ተወው ልጄ፣ ዕድሌ ነው» አሉ። ዕድል አልነበረም። ስልካቸው አንድ ጊጋ ራም ያለው፣ አንድሮይድ ጎ የተጫነበት ነው።

አንድሮይድ ጎ ጉግል ራማቸው ትንሽ ለሆነ ርካሽ ስልኮች ያዘጋጀው ቀለል ያለ አንድሮይድ ነው። ስልኩ እንዳይንቀራፈፍ አንዳንድ ነገሮች ተቀንሰውለታል። ከተቀነሱት አንዱ ሌላ አፕ ወደ ስልኩ የሚገቡ ማሳወቂያዎችን እንዲያነብ የሚፈቅደው ነው። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በታች ያለው፣ ራሙ ትንሽ ተብሎ የተመዘገበ ስልክ፣ ይህን ፈቃድ ለማንም አፕ አይሰጥም። የሰዓት አፕ ደግሞ መልእክቱን ወደ ሰዓቱ የሚያሻግረው በዚህ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ሰዓቱም ጤነኛ ነው፣ ስልኩም ጤነኛ ነው፣ አፑም ጤነኛ ነው፤ ጋሼ ግን የልጃቸውን መልእክት አያገኙም። ይህን በመፍቻና በካዊያ የሚያስተካክል ጠጋኝ የለም። በመጨረሻ የወንድማቸው ልጅ ጥግ ላይ ጥሎት የነበረ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ሦስት ጊጋ ራም ያለው ስልክ ተገኘ። ሰዓቱ ከእሱ ጋር በሰላም ሠራ። ካርቶኑ ላይ ከአንድሮይድ ስሪት ሌላ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ስሪቱን ደግሞ የጋሼ የመጀመሪያ ስልክ ያሟላ ነበር። ስለ ራም አንዲት ቃል ተጽፎ ቢሆን ልጁ ያን ሁሉ ርቀት ሰዓት ከመላኩ በፊት አባቱ ምን ስልክ እንደያዙ ይጠይቅ ነበር።

የታወቁት ኩባንያዎች ደንብ ቢያንስ በግልጽ የተጻፈ ነው። የጉግል ዌር ኦኤስ የሚጠቀሙ ሰዓቶች አንድሮይድ ጎ ካለው ስልክ ጋር እንደማይሠሩ ጉግል ራሱ ይናገራል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2021 ካወጣው ጋላክሲ ዎች 4 ጀምሮ ሰዓቶቹ ከአይፎን ጋር መገናኘት አቁመዋል፤ ከዚያ በፊት ከነበሩት ብዙዎቹ ይገናኙ ነበር። ከአንድሮይድ ስልክም ቢሆን ቢያንስ አንድ ነጥብ አምስት ጊጋ ራም ይጠይቃሉ። የአፕል ሰዓት ደግሞ ከአይፎን ውጪ ከምንም ስልክ ጋር አይገናኝም።

የአፕልን ጉዳይ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ከአሜሪካ የሚላከው ብዙው እሱ ነው። የአፕል ሰዓት ሶፍትዌር በየዓመቱ መስከረም ገደማ ይታደሳል፤ ከእሱ ጋርም የሚጠይቀው አይፎን አንዳንዴ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዎችኦኤስ 9 አይፎን 8 ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ ይበቃው ነበር። በ2023 የወጣው ዎችኦኤስ 10 አይፎን ኤክስ ኤስ ወይም ኤክስ አር እና ከዚያ ወዲህ ያለውን ጠየቀ። በ2025 የወጣው ዎችኦኤስ 26 ደግሞ ከአይፎን 11 በታች አይቀበልም። አሁን አስቡት። ዋሽንግተን ያለች እህት አዲስ ሰዓት ገዝታ የድሮውን ለወንድሟ ልትልክለት ነው። ከመላኳ በፊት በቅንነት፣ ንጹሕ አድርጌ ልስጠው ብላ አፕዴት ታደርገዋለች። ወንድሟ አቦምሳ ላይ የያዘው አይፎን 8 ነው። ስልኩ ከአይኦኤስ 16 በላይ መሄድ አይችልም። ሰዓቱ ወደ ዎችኦኤስ 10 ከወጣ ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። ወደ 9 ልመልሰው ቢልም አፕል የሰዓቱን ሶፍትዌር ወደ ኋላ መመለስ አይፈቅድም። እህቲቱ ሰዓቱን እንደነበረ ብትልከው ኖሮ ይሠራ ነበር።

ስለዚህ ውጭ ላላችሁ ሁሉ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ከመላካችሁ በፊት የተቀባዩን ስልክ ስምና ስሪት ጠይቁ፤ አፕዴቱን እስከዚያ አትንኩት። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። የአፕል ሰዓት ከባለቤቱ አካውንት ጋር የተቆለፈ ነው። ከእናንተ አይፎን ላይ በደንብ ካላላቀቃችሁት፣ እዚህ ሲደርስ የእናንተን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ስታላቅቁት ቁልፉም አብሮ ይነሳል። ሰዓቱ ከተላከ በኋላ ነገሩን በስልክ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያደክም፣ እናትና ልጅ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሲጨቃጨቁ ያየሁት እኔ ነኝ።

ኩባንያዎቹ የድሮ ስልኮችን የሚተዉት በክፋት ብቻ ነው አልልም። የስልክ ሲስተም በየጊዜው የደኅንነት ቀዳዳ ይገኝበታል፤ ቀዳዳው ያልተደፈነለት ስልክ ላይ የልብ ምትና የመልእክት መረጃ ማስተላለፍ አደጋ አለው። እያንዳንዱን አሮጌ ስልክ መሞከርም ባለሙያና ገንዘብ ይፈልጋል። ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው፣ ትናንት ይሠራ የነበረውን የመጨረሻ ስሪት መከልከላቸውን ነው። አዲሱን መጫን ለማይችል ሰው የድሮውን አፕና የድሮውን የሰዓት ሶፍትዌር ማስቀመጥ ከባድ ወጪ አይመስለኝም። አንዳንድ አፕ ሠሪዎች ያደርጉታል፤ ፕሌይ ስቶር ለአሮጌ ስልክ የሚስማማውን የቀድሞ ስሪት እንዲሰጥ ይፈቅዳሉ። ሁሉም ሊያደርጉት ይገባል።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ጣል ላድርግ፤ ብዙ ሰው ስልኩ አርጅቶ ሳይሆን በዚህች ብቻ ሰዓቱን ይጥላል። ከአንድሮይድ 6 እስከ 11 ባሉ ስልኮች ላይ አፑ በብሉቱዝ ሰዓቱን እንዲፈልግ «ሎኬሽን» መከፈትና ፈቃዱ መሰጠት አለበት። ሰዎች «የት እንዳለሁ ለምን ያውቃል?» ብለው ይዘጉታል፤ ሥጋታቸውም ይገባኛል። ግን በእነዚህ ስልኮች ላይ ካልተከፈተ ሰዓቱ አይገኝም። አንድሮይድ 12 ሲመጣ የብሉቱዝ ፍለጋና የሎኬሽን ፈቃዶች ተለያዩ።

ሌላው የሚያሳስበኝ ከርካሽ ሰዓቶች ካርቶን ላይ የሚቃኘው ባለ አራት ማዕዘን ኮድ ነው። አንዳንዱ ወደ ፕሌይ ስቶር ይወስዳል፤ አንዳንዱ ግን በቀጥታ አፑን ከማይታወቅ ቦታ ያወርዳል። ስልኩ አሮጌ ሲሆን ፕሌይ ስቶር «ለዚህ ስልክ አይሆንም» ስለሚል፣ ሰው በጓደኛ በኩል በቴሌግራም የተላከለትን አፕ ይጭናል። የሰዓት አፕ የሚጠይቀው ፈቃድ ደግሞ ከባድ ነው። የመልእክት፣ የስልክ ቁጥሮች፣ የማሳወቂያዎች ፈቃድ ይጠይቃል። ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ ቴሌብር ስልካችን ውስጥ ገብቷል፤ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥርም በመልእክት ነው የሚመጣው። ከየት እንደመጣ ላልታወቀ አፕ መልእክት የማንበብ ፈቃድ መስጠት ኪስን ከፍቶ መስጠት ነው። እኔ እንዲህ ያለ አፕ ደንበኛው ቢለምነኝም አልጭንም።

ኩባንያው ራሱ ሲጠፋ ምን ይሆናል? ለዚህ የሚጠቀሰው ፔብል የሚባለው ሰዓት ነው። ኤሪክ ሚጂኮቭስኪ የተባለ ካናዳዊ እ.ኤ.አ. በ2012 ኪክስታርተር ላይ ከሕዝብ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ያመረተው ነው። ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ ከአይፎንም ከአንድሮይድም ጋር ይሠራል። በ2016 መጨረሻ ንብረቱን ፊትቢት ገዛው፤ በሰኔ 2018 ፊትቢት የፔብልን ሰርቨሮች ዘጋ። ሰዓቶቹ በሰው እጅ ላይ ደኅና ሳሉ አዲስ አፕ የሚያወርዱበት ቦታ አጡ። ያን ጊዜ ሬብል የተባሉ በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው በራሳቸው ሰርቨር አገልግሎቱን መለሱት። ፊትቢትን ጉግል ገዛ፤ ጉግልም በጥር 2025 የፔብልን ሶፍትዌር ለማንም ክፍት አደረገው። ሚጂኮቭስኪም ወደ ሰዓት ሥራው ተመለሰ። ይህን ታሪክ የምወደው አንድ ነገር ስላሳየኝ ነው። ሶፍትዌሩ ክፍት ከሆነ፣ ኩባንያው ቢተወውም ሌላ ሰው ሊያነሳው ይችላል። የእኛ አገር ወጣት ሶፍትዌር ሠሪም ጭምር።

አርሲ ውስጥ ስለ ሰዓት አውርቶ ስለ ሩጫ ዝም ማለት አይቻልም። ደራርቱ ቱሉ ከበቆጂ ተነስታ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታገኝ ስማርት ሰዓት የሚባል ነገር በማንም እጅ አልነበረም። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴም በልጅነቱ የሮጠው ያለ እሱ ነው። ዛሬ ግን አሰላና በቆጂ ላይ ልምምድ የሚሠሩ ልጆች እጅ ላይ የጋርሚን ዓይነት የሩጫ ሰዓት ይታያል፤ ብዙው ውጭ ሄዶ የተወዳደረ ታላቅ አትሌት ለታናሹ የተወለት ነው። እነዚህ ሰዓቶች ለእኛ የተሻሉ የሆኑበት ምክንያት አለ። ርቀቱንና ፍጥነቱን ከሳተላይት የሚያገኙት በራሳቸው ነው፤ ስልኩ ቤት ቢቀርም ይሠራሉ። ብዙዎቹን የጋርሚን ሰዓቶች በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ሶፍትዌራቸውን ማደስ ይቻላል፤ ስልክ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ጋርሚን በኮምፒውተር ጠላፊዎች ተጠቅቶ አገልግሎቱ ለቀናት ሲቋረጥ እንኳ ሰዓቶቹ ሩጫ መመዝገባቸውን አላቆሙም፤ የቆመው ወደ ኢንተርኔት መላኩ ነበር።

ሆኖም ከስልክም ከኮምፒውተርም ለረጅም ጊዜ የተለየ የሩጫ ሰዓት አንድ ጠባይ ያመጣል፤ ጠዋት ሳተላይት ለማግኘት ይዘገያል። አንድ ሯጭ «ሰዓቴ ታመመ፣ ብርድ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ» ብሎ አምጥቶልኛል። አልታመመም። ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ የሚናገር ትንሽ ፋይል ሰዓቱ ሲገናኝ ይወርድለታል፤ የሚያገለግለው ግን ለጥቂት ቀናት ነው። የፋይሉ ጊዜ ሲያልፍ ሰዓቱ መረጃውን ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ መስማት አለበት። እነሱ ደግሞ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ነው የሚልኩት። አንዱ ሳተላይት የራሱን ቦታ ለመናገር 30 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ የሁሉም ዝርዝር ተሟልቶ እስኪያልቅ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ከልምምዱ በፊት ማታ ከማንኛውም የሚሠራ ስልክ ጋር አገናኝቶ ማሳደር ይበቃል።

ወደ እኛ ፊደል ልምጣ፤ ይህ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ነው። ብዙ ርካሽ ሰዓቶች ላይ የአማርኛ መልእክት ሲገባ የሚታየው የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ነው። በአፋን ኦሮሞ የመጣው በቁቤ ስለሚጻፍ ይነበባል። የግዕዝ ፊደል እኮ ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደል መዝገብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ፤ ስልኩ ራሱ ያሳየዋል። ሰዓቱ ግን የራሱ የፊደል ቅርጾች ማከማቻ ስላለው እዚያ ያልተጫነ ፊደል አይወጣለትም። ሻጮች «ሚሞሪው ትንሽ ስለሆነ ነው» ይላሉ። ሒሳቡን እንሥራው። አንድን ፊደል በ24 በ24 ነጥብ ለመሳል 72 ባይት ይበቃል። ፊደላችንን ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ 350 ብንለው፣ በአጠቃላይ 25 ኪሎ ባይት ገደማ ነው። እነዚሁ ሰዓቶች ግን በሺዎች የሚቆጠሩ የቻይንኛ ቁምፊዎችን ይዘዋል። በአንድ አፕዴት ሊጨመር የሚችል ነገር ነው። ብዛት አድርገው የሚያስመጡ ነጋዴዎቻችን ለፋብሪካው «የግዕዝ ፊደል ጨምሩበት» ብለው ቢያዙ የሚቻል ነው። ይህን ጥያቄ እነሱ ካላነሱት የሚያነሳው የለም።

የሰዓት አቆጣጠራችንም እንዲሁ። ብዙ ሰው ጠዋት አንድ ሰዓትን ሰባት ብሎ የሚያሳይ ሰዓት አይፈልግም፤ ስለዚህ የስልኩን ሰዓት በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሰዓቱም ከስልኩ ይወስዳል። ከዚያ አፑ ከሰርቨር ጋር መተማመን ሊያቅተው፣ አፕዴት ላይወርድ ይችላል፣ የተመዘገበው ሩጫም ሌላ ጊዜ ላይ ይወድቃል፤ ስልኩ የዓለሙን ጊዜ በስድስት ሰዓት ተሳስቷልና። መፍትሔው የሰዓት ቀጠናውን መቀየር ነው። የአርጀንቲናዋ ቡዌኖስ አይረስ ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እሷን መርጣችሁ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ካደረጋችሁት፣ ስልኩ ትክክለኛውን ጊዜ ሳይስት ለእናንተ የእኛን ሰዓት ያሳያችኋል። ኤኤም የሚለው ቀኑን፣ ፒኤም የሚለው ሌሊቱን ይሆናል። ቀኑም የሚለወጠው እንደ ልማዳችን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው።

አፕዴቱን በተመለከተ፣ አቦምሳ ላይ መብራት ሳይታሰብ እንደሚጠፋ እናውቃለን። ፋይሉ ከስልክ ወደ ሰዓት በብሉቱዝ ሲሻገር ቀስ ብሎ ነው፤ ሰዓቱም ስልኩም ከግማሽ በላይ ቻርጅ ሳይኖራቸው አትጀምሩ። ፋይሉ ሲተላለፍ ቢቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ይጀምራል፤ ሰዓቱ መጫን ከጀመረ በኋላ ባትሪው ቢያልቅ ግን ሊሞት ይችላል። ስልካችሁ አሮጌ ከሆነና ሰዓቱ በደንብ እየሠራ ከሆነ፣ አዲሱ ስሪት የሚጠይቀውን ስልክ ሳታነቡ «እሺ» አትበሉ። ፕሌይ ስቶር አፑን በራሱ እንዳያድሰውም፣ ለዚያ አፕ ብቻ በራሱ ማደሱን ማጥፋት ይቻላል፤ ካልቻላችሁ ወደ ጠጋኝ ኑ፣ ቀላል ሥራ ነው።

ስትገዙም ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ዳታ አስሞልታችሁ ሱቅ ሂዱ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አገናኙት። ከጎናችሁ ያለ ሰው በአማርኛ አንድ የቴሌግራም መልእክት ይላክላችሁ፤ ስልኩን ቆልፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱና ሰዓቱ ላይ መግባቱንና መነበቡን እዩ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ አለ።